ሴንሰሩ ምን አለ?

የጋራዥ አማርኛችን ብዙውን ቃሉን ያገኘው ከጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሊስትራ። እነዚህ ቃላት አንድ በጎ ጠባይ አላቸው፤ እያንዳንዳቸው በእጅ የሚዳሰስ አንድ ዕቃ ይጠራሉ። ከእንግሊዝኛ የመጣው አዲሱ ቃል ግን ሌላ ነው። መኪናው ተንተፋተፈ? «ሴንሰር ነው!» ቤንዚን በላ? «ሴንሰር ነው!» ሕመም ሁሉ «ብርድ ነው» እንደሚባለው መሆኑ ነው።

የዛሬ ጉዳዬ ከእነዚህ ሴንሰሮች አንዱ፣ ሞተሩ የሚስበውን አየር የሚለካው ነው። ከዲፕራተሩ ቀጥሎ ይቀመጣል። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ግለቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ምን ያህል አየር እንደገባ ይናገራል። ኮምፒውተሩም በዚያ ልክ ቤንዚን ይሰፍራል። ለደጋ አገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ጊንጪ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ ጅቡቲ ወደብ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በካርቡራተር ዘመን ይህን ልዩነት መካኒኩ በካቻቢቴ ያስተካክል ነበር። ዛሬ ሽቦው ራሱ ይመሰክራል።

ችግሩ ምስክሩን የምንሰማበት መንገድ ነው። እዚያው ጊንጪ፣ የአምቦ መንገድ ዳር፣ አንድ ኮሮላ ቆሞ መካኒኩና ባለቤቱ ሲነጋገሩ አዳመጥኩ። ሰውዬው አዲስ አበባ ሴንሰሩን አስቀይረዋል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ ተመልሶ በራ። ወጣቱ መካኒክ ማንበቢያውን ሰካ፤ ፒ 0101።

«ኦቦ፣ ያኔም ይኸው ነበር?»

«ይኸው ነበር።»

«ታዲያ ሴንሰሩን ለምን ቀየሩት?»

«እሱ ነው አሉኛ!»

ልጁ አልተከራከረም። ዲፕራተሩን ከፍቶ አየ። ከሴንሰሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በጣቱ ዳበሰ፤ እጥፋቱ ውስጥ ስንጥቅ አገኘ። አየር ሳይለካ በዚያ ይገባ ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ጽሑፉ የሚለውን አንብቡ፤ እንዲል የምትፈልጉትን አይደለም» እል ነበር። እነዚህ ኮዶች አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ያስገደደችው የጋራ ቋንቋ ናቸው። ፒ 0101 የሚለውም «የአየር መለኪያው ንባብ ከሚጠበቀው ወሰን ወጥቷል» ብቻ ነው። «ቀይሩኝ» አይልም። ሽቦው አቧራ ለብሶ ይሆናል፤ ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ሊጸዳ ይችላል። ሶኬቱ ላልቶ፣ ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም በእርግጥ ሴንሰሩ ሞቶ ይሆናል። መቀየሩ ተገቢ የሚሆነው ሌላው ሁሉ ከተፈተሸ በኋላ ነው። ደግሞም የተቀደደ ዲፕራተር አቧራ እያሳለፈ አዲሱ ሴንሰር ምን ዕድሜ ይኖረዋል?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ያሉት መኪኖች ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ግን ተወድዷል። በግምት የተቀየረ አንድ ዕቃ የአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ነው። ጥፋቱን ለመካኒኩ ብቻ መስጠትም አይቻልም። ደንበኛው ለዕቃ ሺዎች ቆጥሮ ይከፍላል፤ ስንጥቁን ፈልጎ ላገኘለት ልጅ ግን «ምን ቀየርክና?» ይለዋል። እንዲህ ባለ ገበያ የሚያዋጣው መገመት እንጂ መመርመር አይሆንም።

ልማዱ ከጋራዥ ውጭም አለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጉድለት መኖሩን ጽፎ ያቀረበው ባለሙያ ይዛወራል፤ በወንበሩ ሌላ ይተካል፤ ስንጥቁ ግን እዚያው ነው። ተተኪውም የቀዳሚውን ዕጣ አይቷልና ዝም ይላል። የመኪናው ሴንሰር በዚህ ይሻላል፤ አሥር ጊዜ ቢቀየር አሥረኛውም የለካውን ይናገራል።