ክላውድን የሞገተው ጽሑፍ

ኢንክ ኤንድ ስዊች የተባለው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው «ሎካል-ፈርስት ሶፍትዌር» የተሰኘ ጽሑፍ ሙግቱ አጭር ነው፦ ሰነድህ ክላውድ ላይ፣ ማለትም ሌላ ሰው ሰርቨር ላይ እስካለ ድረስ ጌታው አንተ አይደለህም። ማርቲን ክሌፕማንና ሦስት ባልደረቦቹ ዋናው ቅጂ በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ሰርቨሩም ረዳት ብቻ ይሁን ይላሉ። ለዚህም ሰባት መመዘኛ አስቀምጠው የምናውቃቸውን አፕሊኬሽኖች ይፈትኑበታል።

በሽታውን በትክክል አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግል ዶክስ በቴክኒክ ስህተት «ደንብ ተጥሷል» እያለ ሰዎችን ከገዛ ሰነዳቸው አግዷቸው ነበር። ጽሑፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት የኢትዮጵያ አንባቢ ደግሞ «ያለ ኔትወርክ ይሥራ» የሚለው መመዘኛ ለምን እንዳስፈለገ ማብራሪያ አይሻም።

የጽሑፉ ምርጥ ክፍል ስለ ውህደት የሚያወራው ነው። ሁለት ሰዎች ከኔትወርክ ውጭ ሆነው አንድ ሰነድ ቢያርሙ ማን ያሸንፋል? ሲአርዲቲ የተባለው የዳታ አደረጃጀት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ይሰጠዋል። ስለዚህ እርማቱ «15ኛው ቦታ ላይ አስገባ» ሳይሆን «ከዚህ ፊደል ቀጥሎ አስገባ» ይሆናል፤ መሣሪያዎቹ ሲገናኙም ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይገኛል። ጸሐፊዎቹ ጉዳቱንም አልደበቁም፦ የለውጡ ታሪክ በተከማቸ ቁጥር ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል።

ቅሬታዬ ብራውዘሩ ላይ ነው። ሐሳባቸውን የፈተኑባቸውን የሙከራ ፕሮግራሞች የሠሩት በኤሌክትሮን፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም በሚገነባበት ማዕቀፍ ነው። ብራውዘር በባሕርዩ ለሰርቨር እንደሚያደላ ቢናገሩም ጉዳዩን ቶሎ ያልፉታል፤ አብዛኛው ሰው የሚሠራው ግን እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ሳፋሪ፣ ተጠቃሚው ብራውዘሩን እየከፈተ ለ7 ቀን ያልነካው ድረ ገጽ ኢንዴክስድ-ዲቢ በተባለው የብራውዘሩ ማከማቻ ያስቀመጠውን ዳታ ይሰርዛል። መሣሪያዬ ላይ ነው ያልኩት ማስታወሻ ማንም ሳይሰርቀኝ ይጠፋል ማለት ነው! የስልክ ስርቆት ሲጨመርበትማ፣ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው «ባለቤትነት» ከክላውዱ የባሰ ነው።

ጽሑፉ ለማንኛውም የዌብ አፕሊኬሽን ሠሪ መነበብ አለበት፤ እንደ መመሪያ ግን ጎዶሎ ነው። ሠሪዎች ሆይ፣ «ዳታህ ከአንተ ዘንድ ነው» ከማለታችሁ በፊት ሁሉንም በአንድ ተራ ፋይል የሚያወጣ ቁልፍ ገጹ ላይ አስቀምጡ።