ጋዙ «አለቀ» ወይስ «ሾለከ»?

የመኪና ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል በየጋራዡ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ።» ተርጓሚዎችም ይህንኑ ግሥ ሳይመረምሩ ይወስዱታል። «አለቀ» ለላምባና ለምድጃ ጋዝ ይስማማል፤ እየነደዱ ያልቃሉና። የኤሲው ጋዝ ግን በዝግ መሥመር ውስጥ አንድ ጊዜ ፈሳሽ፣ አንድ ጊዜ ትነት እየሆነ ይመላለሳል እንጂ አይነድም። ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይባል? «ፍሳሽ» ቆሻሻ ውሃን ያስታውሳል። «ተነፈሰ» የጎማ ነው፤ ይቀርባል፣ ዳሩ ግን ቀዳዳውን አያመለክትም። በእኛ አስተያየት «ሾለከ» ይመረጣል፤ «መሹለኪያ» የሚል የቦታ ስም ይወጣዋልና። መካኒኩ ሊፈልገው የሚገባውም ይኸው ነው። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ፣ ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ቀለም ጨምሮ ያገኘዋል፤ ያረጀውን ጎሚኒ ይለውጣል፤ በመሥመሩ ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጥጦ ካወጣ በኋላ ይሞላል።

በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው አር 134ኤ የተባለ ጋዝ፣ በመቶ ዓመት ስሌት፣ ምድርን በማሞቅ ረገድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል። «ሲያልቅ ይሞላ» የሚል መመሪያ የተከተለ ሠራተኛ አዲሱንም ጋዝ በዚያው ቀዳዳ ወደ ሰማይ ይሰደዋል፤ ባለመኪናውም ደግሞ ይከፍላል።