ግልባጭና እጅ፦ በምዕራብ ጎጃም ቤቶች ስለሚሰቀሉ የተቀዱ ሥዕሎች

ከታዋቂ ሥዕል በእጅ የተገለበጠ ሥዕል ቤት ውስጥ ሲሰቀል ምን ዋጋ ይኖረዋል የሚለው ጥያቄ፣ በየአገሩ ለሳሎን ግድግዳ ከሚሣሉት የጃፓን የእንጨት ኅትመት ቅጂዎች ጋር ሲነሣ አዲስ ይመስላል፤ ለጎጃምና ለጣና አካባቢ ሠዓሊ ግን ከሦስት መቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው የሙያ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአግባቡ ሊመረመር የሚችለውም ሥዕሉ ሲገለበጥ ምን እንደተጠበቀ፣ ምን እንደተተወና ምን እንደተጨመረ አንድ በአንድ በማየት ነው።

ኡኪዮ-ኤ የሚባለው የጃፓን ኅትመት ከመነሻው የአንድ ሰው እጅ ሥራ አይደለም። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ የነደፈው ሥዕል ፊቱን ወደ ታች ተደርጎ በእንጨት ገበታ ላይ ይለጠፍና ጠራቢው ወረቀቱን ከእንጨቱ ጋር ስለሚቀርጸው፣ ዋናው ንድፍ እዚያው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ለየቀለሙ ሌላ ገበታ ተቀርጾ አታሚው በወረቀት ላይ በተራ ያትማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ የታተመው የጃፓናዊው ሠዓሊ የሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል» የተሠራው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ በማዕበሉ ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር ተዘርግቶ የሚታየው የአረፋ ንጣት ቀለም ሳይሆን ያልታተመበት ወረቀት ነው። ይህን ሥዕል በብሩሽ የሚገለብጥ ሰው በሰማያዊው ላይ ነጭ ቀለም ሲደርብ ቅርጹን ያገኘዋል፣ የንጣቱን ምክንያት ግን ያጣዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1924 ዓ.ም. ስላሳተሙ፣ አገሪቱ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለችም፤ የሥዕሏ ጥበብ ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

በኢትዮጵያ ለዚህ ነገር የሚቀርበው ታሪክ የሚጀምረው ከሌላ የእንጨት ኅትመት ነው። በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 ያሳተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውና በእንጨት የተቀረጹ ብዙ ሥዕሎች ነበሩት። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደርሶ የአገር ውስጥ ሠዓሊዎች ሥዕሎቹን ቀድተዋቸዋል፤ ዛሬ በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውና እ.ኤ.አ. ከ1664 እስከ 1665 ባለው ጊዜ የተጻፈው የወንጌል ብራና ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። የሮማው ኅትመት ጥላንና ጥልቀትን የሚያሳየው እርስ በርስ ተጠጋግተው በተሰለፉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ነበር። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የሰዎቹን አቋቋምና የታሪኩን አሰላለፍ ወስዶ ያንን የመስመር ጫካ ተወውና በምትኩ ደማቅ ቀለምንና ጥርት ያለ የዳር መስመርን አኖረ። ይህን እንደ ችሎታ ማነስ የቆጠሩ ጸሐፊዎች ተሳስተዋል፤ ያ የመስመር ብዛት የጥቁር ቀለም ኅትመት ችግር የወለደው ዘዴ ስለሆነ፣ ቀለም በእጁ ላለ ሰው አያስፈልገውም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ነው፤ ቅጂዎቹ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ገብተው፣ ሚስዮናውያኑ ከአገር ከተባረሩ በኋላም ሥዕሉ ሥር ሰድዶ ቀርቷል። እጆቿ ልጇን አቅፈው ይጠላለፋሉ፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፣ በግራ እጇም መሐረብ ይዛለች። ያቺ ትንሽ መሐረብ ከቅጂ ወደ ቅጂ ሳትወድቅ መቆየቷ የገልባጮቹን ጥንቃቄ ያሳያል። ጭማሪውስ? በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ፣ በዚያው በተቀዳው ሥዕል ሥር፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። በሮማው ሥዕል ላይ ለሰጋጅ የተተወ ቦታ አልነበረም፤ ሠዓሊው ግን ሥዕሉን ላሠራው ሰው ቦታ ከፈተለት።

በጎጃም ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ የሚለብሰው ሥዕል ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የሚለጠፍ ነው። ይኸው ዘዴ በጎንደር ሥዕሎችን ለጉዳት ዳርጓል። በፈረንሳዊው ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር-ጅቡቲ ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1932 የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ልጦ ወደ ፓሪስ ሲወስድ፣ በቦታቸው ጋስቶን-ሉዊ ሩ የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የገለበጣቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። የናርጋው ቅጂ የተሠራው ባለቤቱ ከሥዕሉ ፊት እንዲሰግድ ሲሆን፣ የጎንደሩ ግን የተወሰደውን ለመተካት ነው፤ ሁለቱም የእጅ ሥራ መሆናቸው አንድ ዓይነት ዋጋ አይሰጣቸውም።

ዛሬ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር፣ በምእመናን ቤት በመጋረጃ ተሸፍኖ የሚሰቀለው ሥዕለ አድኅኖ፣ ማለትም ለጸሎት የሚቆሙበት ሥዕል፣ በአብዛኛው በማሽን የታተመ ወረቀት ነው። ዋጋው ለገበሬው የሚቀል በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባውም፤ የጃፓኑ ኅትመትም በዘመኑ ተራ ሰው የሚገዛው ሥዕል ነበር። የሚያሳዝነው ግን ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ ከአውሮፓ ሥዕል በቀጥታ የተወሰዱ በመሆናቸው፣ የጣና ሠዓሊዎች በብሩሽ የወሰኑት ሁሉ ሳይታይ ማለፉ ነው። የመልኩን ዓይነት፣ የካባውን እጥፋትና የመደቡን ቀለም ሌላ ሰው በሌላ አገር ወስኖ ጨርሶታል።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈና ሥርዓተ ሥዕልን ከመምህሩ የተማረ ሠዓሊ በጨርቅ ላይ ገልብጦ ለአንድ ቤት የሚያዘጋጀው ቅጂ ግን ከዚያ የተለየ ነገር ሊሰጥ ይችላል። መሐረቧን ይጠብቃል፣ ሁለቱን ጣቶች በቦታቸው ያኖራል፤ ከእመቤታችን እግር በታችም አንድ ስንዝር የሚያህል ስፍራ ትቶ፣ በቡሬ ገበያ እህል ሸጣ ሥዕሉን ያሠራችውን እናት በነጠላዋ እንደተከናነበች ተደፍታ ይሥላታል።