በ16 ነጥብ ቁመት የሚሣል ፊደል

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲዘልቅ ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ ከዚያ ወደ አምባሰል ዘልቆ ውጫሌ ይደርሳል። እንዲህ ያለ መንገድ ዳር የሚሰቀል፣ ጽሑፉ የሚሮጥ የኤሌክትሮኒክስ ታፔላ ሲበላሽ፣ አንዳንዴ መብራቶቹ ደህና ሆነው የሚሞተው ከጀርባ ያለው ኮንትሮል ካርድ ነው። መተኪያ ካልተገኘ ጎበዝ ባለሙያ በአንዲት ማይክሮኮንትሮለር የራሱን ቦርድ ሠርቶ ያስገባለታል። እኔ ይህን ጥገና የማደንቀው ከብየዳው ይልቅ በፊደሉ ነው።

ታፔላው የሚገጣጠምበት፣ ፒ10 የሚባለው ሰሌዳ ወደ ጎን 32፣ ወደ ታች 16፣ በድምሩ 512 ነጥብ አለው። የፋብሪካው ካርድ ጽሑፉን ከኮምፒውተር የሚቀበለው ሥዕል ሆኖ ነው። የራሱን ቦርድ የሚሠራ ሰው ግን ፊደሉን ነጥብ በነጥብ መሣል አለበት። «አምባሰል» ብሎ ሲጽፍ «ባ»ን ከ«በ» የሚለያት የግራ እግሯ ማጠር ብቻ ነው። እግሯ በአንዲት ነጥብ ብቻ ካጠረ ከመንገዱ ማዶ የሚያየው ሰው «አምበሰል» ብሎ ያነባል። የሠለጠነ እጅ ሦስት ነጥብ ያሳጥራል። የ«ውጫሌ»ን «ሌ» ደግሞ እዩት። ቀለበቱ ቢያንስ ሦስት በሦስት ሆኖ መሐሉ ላይ አንዲት ጨለማ ነጥብ ካልቀረችለት ያበጠ እግር ይመስላል። የ«ሐ» ሦስት እግሮችም በየመሐላቸው ሁለት ሁለት ነጥብ ጨለማ ይፈልጋሉ፤ አለበለዚያ ማታ ብርሃናቸው ይደባለቃል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡትን ወንጌል የጻፈ ሰው ብዕሩን አጋድሞ እግሩን ማወፈር፣ አቁሞ ማቅጠን ይችል ነበር። እዚህ ነጥቡ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል።

ሁሉን ፊደል እንዲህ ለየብቻ መሣል ብክነት የሚመስለው ይኖራል። የጽሕፈት መኪናችን ቦታ ለመቆጠብ ሲል ምልክቱን ከፊደሉ ላይ እየቀጠለ ይጽፍ ነበርና። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እያንዳንዱ በ16 በ16 ሲሣል 32 ባይት ይወስዳል፤ ጠቅላላው 7,392 ባይት ነው። በብዙ አርዱኢኖ ቦርዶች ላይ ያለችው ማይክሮኮንትሮለር፣ ኤቲሜጋ 328፣ የሥራ ማስታወሻዋ 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ አይችለውም። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት 32 ኪሎባይት ግን ተቀብሎት ቦታ ይተርፈዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ፊደሉን አይቆራርጥም።

ሰሌዳው በአንድ ጊዜ የሚያበራው ሩቡን ብቻ ነው፤ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 9ኛና 13ኛ መስመር አብረው በርተው ለቀጣዮቹ አራት ይለቃሉ። ፍጥነቱ ከዘገየ ጽሑፉ ይርገበገባል። ይህ በፕሮግራም ይስተካከላል።

የታፔላው ሳጥን ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይታያል። ለየሰሌዳው የራሱ ወፍራም የ5 ቮልት ሽቦ ተዘርግቶለታል፤ በአንድ ቀጭን ሽቦ ቢቀጣጠሉ የመጨረሻው ይደበዝዛል። ገመዱ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተቆልምሟል፤ የክረምቱ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከቆልማማው ላይ ይንጠባጠባል። ፊደሉ የተቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋው ማስታወሻ ውስጥ በመሆኑም፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ታፔላው ማንም ሳይነካው ጽሑፉን ከመጀመሪያው ይጀምራል።