ቤተ ጊዮርጊስ ከጣሪያው በታች
(ስለ ጀማሪዎች የሕንፃ ፎቶግራፍ የቀረበ ሒስ)

ሠልጣኞቻችን ከላሊበላ ጉብኝት ያመጧቸውን ፎቶግራፎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ስንመለከት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቀን መመሳሰላቸው ነው። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው፣ ካሜራውን ወይም የእጅ ስልኩን ቁልቁል ደፍተው የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ አንሥተዋል። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ሕንፃው ግን የለም። ቦታውን ያላየ ተማሪ መሬት ላይ የተነጠፈ የድንጋይ መስቀል ይመስለዋል እንጂ ወደ 12 ሜትር ያህል ቁልቁል ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤት መሆኑን ከየት ያውቃል? እኛም ይህንኑ ሥዕል በክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፈን ስለ ፍልፍል ሕንፃ ስናስተምር ቃላችንና ሥዕሉ አይገናኙም።

ጉድለቱ የመሣሪያ አይደለም። ከአፋፉ ወደ አንዱ ማዕዘን ዞር ቢባል ሁለት ግድግዳዎች ባንድነት ይታያሉ፤ ከታች ወለሉ ላይ የቆመ ሰው አብሮ ሲገባ ደግሞ ቁመቱ ይገመታል። (ምእመናን «ሥዕሉን ያበላሹብናል» ብለው እስኪያልፉ የጠበቁ ሠልጣኞች አሉ፤ ፈቃድ ጠይቆ ማንሣት ይሻል ነበር።) ካሜራው ይበልጥ ባዘነበለ ቁጥር ግድግዳው ወደ እግሩ እየጠበበ ስለሚታይ ጥቂት ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይጠቅማል።

የብርሃኑ ነገር ከዚህ ይከብዳል። የፎቶግራፍ መጻሕፍት «ጠዋትና ማታ አንሡ፤ ቀትርን ሽሹ» ይላሉ። ሜዳ ላይ ለቆመ ሕንፃ ምክሩ መልካም ነው። እዚህ ግን ጠዋት በ1 ሰዓት ፀሐይ ጣሪያውን ስትነካ ጉድጓዱ ገና በጥላ ተውጧል፤ ካሜራውም ሁለቱን ባንድነት መያዝ ስለማይችል ወይ ጣሪያው ይነጣል፣ ወይ ግድግዳው ይጠቁራል። መጽሐፉን አምነው በማለዳ የሮጡት ሠልጣኞች ያመጡት ይህንኑ ነው። ከሁሉ የተሻለችው ሥዕል ወደ 4 ሰዓት ገደማ የተነሣች ናት፤ ብርሃኑ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ገደድ ብሎ ወርዶ የመስኮቶቹን ቅርጽ በጥላ ለይቶ አውጥቷል፤ የግድግዳው ግርጌ በጥላ መቅረቱም ጥልቀቱን ያስረዳል። በሩ ያለበትን የምዕራቡን ግድግዳ ለሚፈልግ ከ8 ሰዓት በኋላ ይመቻል።

ከአውሮፓ የመጡት መጻሕፍት በሰሜን ግድግዳ ላይ የቀትር ፀሐይ እንደማያርፍ ይነግሩናል። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታዘነብለው ወደ ሰሜን ነው፤ የክረምቱ ደመና ገለጥ ባለ ጊዜ ሰሜኑ ግድግዳ ይበራል። ይህን የጂኦግራፊ መምህሩ ያስተምራል፤ ካሜራ የያዘው ሠልጣኝ ግን አልጠየቀውም። ከቀረቡልን ሥዕሎች መካከል ያን ግድግዳ በፀሐይ የሚያሳይ አንድም የለም፤ ጉብኝቱ የተደረገው በጥር ነበርና።