«ድጋፍ» ወይስ «ማጽኛ»?

የብረት ሕንፃን ከነፋስና ከርዕደ መሬት ስለሚጠብቁ ሰያፍ ዘንጎች በሚተረጐሙ ጽሑፎች ውስጥ «ድጋፍ» የሚለው ቃል ይዘወተራል፤ እኛ ግን አንቀበለውም። ድጋፍ ከላይ የሚጫነውን ከሥር ይሸከማል፤ ነፋስና ርዕደ መሬት ግን በይበልጥ ወደ ጎን ይገፋሉ። ከቋሚና ከአግዳሚ ብቻ የተሠራ አራት ማዕዘን፣ መጋጠሚያው ግትር ካልሆነ፣ ሲገፋ ያዘነብላል፤ ሰያፍ ሲገባበት በሦስት ማዕዘን ይከፈላልና ቅርጹን ይጠብቃል።

«ወጋግራ» የሚሉም አሉ፤ ቃሉ የቤት ሠሪዎቻችን ሀብት ነውና ምርጫው ያስመሰግናል። ሆኖም ወጋግራ ሸክምን የሚያስተላልፈው በመታመቅ ነው። ቀጭን የብረት ዘንግ ግን ሲታመቅ ይጎብጣል፤ የሚሠራው ሲወጠር ብቻ ነው። ሁለት ዘንጎች ተመሳቅለው የሚታሰሩትም ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ አንዱ ቢላላ ሌላው እንዲወጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቺካጎ የተጠናቀቀው የባለ 100 ፎቁ የጆን ሃንኮክ ሕንፃ ወፍራም ሰያፎች በአንጻሩ ሁለቱንም ይችላሉ።

ስለዚህ ለጠቅላላው «ማጽኛ»፣ ለሚወጠረው «ሰያፍ ማሰሪያ»፣ ለሚታመቀው «ወጋግራ» እንዲባል እንመክራለን። ጉዳዩ የቃል ብቻ አይደለም፤ «ድጋፍ» የሚለውን ያነበበ ገጣሚ፣ ጣሪያው ከቆመ ወዲያ ዘንጉ ሥራውን እንደ ጨረሰ ቆጥሮ ለበር ሲል ሊያነሣው ይችላል፤ ስሕተቱንም የሚነግረው ነፋሱ ነው።