ዜሮ የተጻፈበት መስመር

የጤና ጣቢያን የመድኃኒት ሪፖርት ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ትልልቆቹ ቁጥሮች ላይ ሳይሆን ዜሮዎቹ ላይ ነው። በፍጆታ ዓምድ ሥር የተጻፈ ዜሮ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል። ወይ ያን መድኃኒት የፈለገ ሕመምተኛ አልመጣም፤ ወይ ደግሞ ሕመምተኛው ሞልቶ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዜሮ ይጽፋል። ኃላፊው ግን ለአንደኛው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፣ ለሁለተኛው ዛሬውኑ ስልክ መደወል አለበት።

ሙያዬ ፋርማሲ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሥራዬ መድኃኒት ማደሉ ቀርቶ ስለ መድኃኒት የተጻፈውን ቁጥር ማገላበጥ ሆኗል። ሲስተሙ ያወጣውን ይዤ በመጋዘንና በኃላፊ ቢሮ መካከል እመላለሳለሁ። ከዚህ ምልልስ የያዝኩት አቋም አንድ ነው፦ ሲስተም ለወሳኝ የሚጠቅመው ቀመሩ አስቀድሞ የወሰነው ምን እንደሆነ፣ ለሰው የተወውስ ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ያ ካልታወቀ ኃላፊው የወሰነ እየመሰለው ፊርማውን ብቻ ያኖራል።

ቀመሩ ራሱ ከባድ አይደለም። የመንግሥት ጤና ተቋማት በየሁለት ወሩ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላሉ፤ በሥራ ቦታ ሁላችንም አርአርኤፍ ነው የምንለው። መነሻ ላይ በነበረው ላይ የገባው ይደመራል፣ ብልሽትና ማስተካከያ ካለ ይታሰባል፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ይቀነሳል፤ የሚገኘው ፍጆታ ይባላል። ፍጆታው በሁለት ሲባዛ የአራት ወር ከፍተኛ ክምችት ይሆናል። ከዚያ ላይ በእጅ ያለው ተቀንሶ የሚጠየቀው መጠን ይወጣል። ድሮ ይህን ቢን ካርድ ከሚባለው የክምችት መመዝገቢያ ላይ በእስክሪብቶ እናሰላው ነበር። አሁን ስሙን ከአፋሮች የወሬ ልውውጥ ባህል የወሰደው የክምችት ሲስተም፣ ዳጉ፣ በአንድ አፍታ ያወጣዋል። ስሌቱ ፈጠነ እንጂ አልተለወጠም።

በቁጥር እንየው። ለአሞክሲሲሊን መነሻ ላይ 200 ፓኬት ነበረ እንበል። 400 ገባ፣ መጨረሻ ላይ የቀረ የለም። ፍጆታው 600፣ የአራት ወሩ ክምችት 1,200፣ የሚጠየቀውም ያው 1,200። አሁን አንድ ነገር እንጨምር፦ ከ60ው ቀን ውስጥ 30ውን መድኃኒቱ ጠፍቶ ነበር። እንግዲያው 600 ፓኬት ያለቀው በ30 ቀን ነው። ባይጠፋ ኖሮ ሁለቱ ወር 1,200 ይፈጁ ነበር፤ የአራት ወሩ ክምችትም 2,400 ይሆን ነበር። የተጠየቀው 1,200 በወረቀት የአራት ወር ነው፣ በመደርደሪያ ግን የሁለት ወር። ጭነቱ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ መድኃኒቱ እንደገና ይጠፋል፣ ፍጆታውም እንደገና ከእውነተኛው ፍላጎት በታች ይመዘገባል። ማንም ሳይሳሳት፣ አንድም ቁጥር ሳይዛባ፣ ተቋሙ ለእጥረት ራሱን እያለማመደ ይሄዳል።

ቅጹ ላይ መድኃኒቱ የጠፋበት የቀን ብዛት የሚሞላበት ዓምድ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። በእኔ ልምድ ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን የሚመጣው ይኸው ዓምድ ነው። ለመሙላት ቢን ካርዱን አውጥቶ ያለቀበትን ቀን ከገባበት ቀን ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። መድኃኒት የጠፋበትን ቀን በገዛ እጅ መጻፍ ግምገማ ላይ የሚያስወቅስ ከሆነ፣ ዓምዱ ባዶ የሚቀረው በስንፍና ብቻ አይደለም። ሪፖርቱ ለውሳኔም ለወቀሳም የሚውል ሲሆን፣ የሚሞላው ሰው ወቀሳውን አስቀድሞ ነው የሚያስበው።

ማስተካከያ የሚባለው ዓምድም የራሱ ጣጣ አለው። በአንድ ጤና ጣቢያ ቆጠራ ላይ የመጋዘኗ ኃላፊ ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ "ወንድሜ፣ ሲስተሙ 14 ይላል እንጂ እዚህ ያለው 9 ፓኬት ነው" አለችኝ። መድኃኒቱ ኦክሲቶሲን ነበር፤ የወለደች እናት ደም እንዳይፈሳት የሚሰጠው። አምስቱን ማዋለጃ ክፍል ሌሊት ወስዷቸዋል፤ የወጪ ደረሰኙ፣ ሞዴል 22፣ ጠዋት ይቆረጣል ተብሎ ሳይቆረጥ ቀርቷል። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ ዳጉ ላይ አምስት ቀንሶ 9 ማድረግ። ነገር ግን አምስቱ በማስተካከያ ከተቀነሱ ቀመሩ ከፍጆታ ያወጣቸዋል፤ የተሰበሩ ወይም የተበላሹ ያህል ይቆጠራሉ። በእናቶች የተወሰደው መድኃኒት ጭራሽ እንዳልተወሰደ ይሆናል፣ የሚቀጥለው ጥያቄም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ሞዴል 22 ዘግይቶም ቢሆን መቆረጥ ነበረበት፤ ተቆረጠም። በየትኛው ዓምድ ይግባ የሚለው የጸሐፊ ጉዳይ ይመስላል፣ ግን ስንት ኦክሲቶሲን እንደሚመጣ የሚወስነው እሱ ነው።

ቆጠራው ትክክል ሆኖም ሌላ ክፍተት አለ። የመጋዘን ሲስተም የሚያውቀው ከመጋዘን የወጣውን ነው። ወደ ማደያ መስኮቱ የሄደ ሁሉ ሕመምተኛ እጅ ገብቷል ማለት አይደለም፤ በማደያው መሳቢያ ተከማችቶ ጊዜው የሚያልፍበትም አለ። ስለዚህ መጋዘን ሄጄ ማደያ ሳልገባ አልመለስም።

የአስተዳደር ምሁሩ ራስል አኮፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ማኔጅመንት ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ላይ ያወጣት አጭር ጽሑፍ እስካሁን ያላረጀችው በእንዲህ ያለው ነገር ምክንያት ነው። የዘመኑ ሲስተም ሠሪዎች፣ ሥራ አስኪያጅ የሲስተሙን አሠራር ማወቅ አያስፈልገውም፣ መጠቀም ብቻ ይበቃዋል ይሉ ነበር። አኮፍ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። ከራሱ ልምድ ያነሳው ምሳሌም የክምችት መቆጣጠሪያ ሲስተም ነበር፤ ከተካው የእጅ አሠራር የበለጠ ወጪ እያስወጣ የሚመሩት ሰዎች ግን በጥሩ ይሠራል ብለው ያመኑበት። ሌላው ነጥቡም እኔን በየሳምንቱ ያጋጥመኛል፦ ሥራ አስኪያጅን የሚቸግረው የሚፈልገው መረጃ ማነሱ ብቻ ሳይሆን የማይፈልገው መብዛቱ ጭምር ነው። ሠላሳ ገጽ ታትሞለት አንዱንም ሳይገልጥ ስብሰባ የሚገባ ኃላፊ አያስገርመኝም።

ሌላው የአስተዳደር ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1960 ውሳኔዎችን በቀመር ሊሠሩ የሚችሉና የማይችሉ ብሎ ለያቸው። ተመራማሪዎቹ ጎሪና ስኮት ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1971 መሀሉን ጨመሩ፦ ከፊሉ በቀመር የሚሠራ፣ ከፊሉ በሰው ግንዛቤ የሚሞላ። በመጋዘን ቋንቋ ስናገረው፣ የጓንት ጥያቄን ለኮምፒዩተሩ ልቀቅለት፤ ከእኔና ከአንተ የተሻለ ያሰላዋል። የወባ መድኃኒት ግን መሀሉ ላይ ነው።

ምክንያቱም ቀመሩ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያየው። በአገራችን በብዙ ቦታ ዋናው የወባ ወቅት ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚዘጋ ሪፖርት የሐምሌንና የነሐሴን ፍጆታ ይዞ በሁለት ያባዛዋል፤ በዚያ ስሌት የተጠየቀው የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተም፣ የሚደርሰው ወባው ሲነሳ ነው። በጥር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ፍጆታ ተባዝቶ፣ ወባ ለቀዘቀዘባቸው ወራት መጋዘን ይሞላል። መተማ አካባቢ ያለ ጤና ጣቢያ ከሆነ ጉዳዩ ይጠጥራል፤ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በጤና ጣቢያው የነዋሪ ቁጥር ውስጥ የለም። የሠራተኛውን መምጫ የሚያውቀው ኃላፊው ነው፣ ያለፈውን ዓመት የመስከረም ፍጆታ የሚያውቀው ሲስተሙ። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ኃላፊው የቀመሩን ቁጥር ሰርዞ የራሱን ይጽፋል፣ ለምን እንደሰረዘም ከጎኑ ያሰፍራል። እኔ በቀይ የተሰረዘ አርአርኤፍ ሳይ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው አስቦበታል ማለት ነው።

ኮምፒዩተር በእውነት ውሳኔ ሲያግዝ ያየሁት ግን የሆስፒታል የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ፣ ዲቲሲ የምንለው፣ በጀት ሲቆርጥ ነው። ከነጻ የፕሮግራም መድኃኒቶች ውጭ ያለው በገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘቡም ለሁሉም በቅቶ አያውቅም። ቀመሩ ሁሉንም ግዙ ይላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትልቅ ሲስተም አይደለም፤ አንድ ኤክሴል ይበቃል። (ቪዚካልክ የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ ለብዙ ነጋዴ የግል ኮምፒዩተር መግዣ ምክንያት የሆነው አንድ ሕዋስ ሲቀየር ድምሩ አብሮ ስለሚቀየር ነበር፤ ዛሬም ከዚያ የበለጠ ለስብሰባ የሚመች ነገር አላገኘሁም።) መድኃኒቶቹን በጠቅላላ ዋጋቸው ቅደም ተከተል ስትደረድራቸው ከአምስት አንዱ የማይበልጡት ከበጀቱ ሰባና ሰማንያ በመቶውን ሲወስዱ ታያለህ። ከጎናቸው ሌላ ዓምድ አለ፦ ካልተገኘ ሰው የሚሞትበት፣ አስፈላጊ፣ ቢቀር የሚቀር።

ሜዲካል ዳይሬክተሩ "ይሄን በግማሽ ብናደርገውስ?" ይላል። እቀይረዋለሁ፤ ድምሩ ይወርዳል። ሐኪሙ "እሱን እንዳትነኩብኝ" ይላል። እመልሰዋለሁ፤ ድምሩ ይወጣል። ማግኒዚየም ሰልፌት በዋጋው ከታች የተቀመጠ ስለሆነ በዝርዝሩ መጨረሻ ተረስቶ ሊቀር ሲል የሁለተኛው ዓምድ ምልክት ያድነዋል፤ ነፍሰ ጡር ስትንቀጠቀጥ የሚደረስላት በእሱ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህን ያህል ጊዜ "ቢሆንስ" ብሎ መጠየቅ በእስክሪብቶ ዘመን አይታሰብም ነበር። የመረጠው ኮሚቴው ነው፤ ስክሪኑ ያደረገው እያንዳንዱ ምርጫ የሚያስከፍለውን ወዲያው ማሳየት ነው።

መቋጫ የማይገኝለት ደግሞ ወሳኝ የሌለው ቁጥር ነው። አንዱ ጤና ጣቢያ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር የቀረው፣ በያዘው አጠቃቀም ለስምንት ወር የሚበቃ መድኃኒት አለው። ጎረቤቱ ያው መድኃኒት የለውም። ሲስተሙ ሁለቱንም በቀይ ያሳያል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ግን ያለ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ንብረት አሳልፎ መስጠት አይችልም፤ መኪናውና ነዳጁም በእጁ አይደለም። እንዲህ ያለውን መስመር በየሳምንቱ ለእሱ ማሳየት ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ ለስብሰባ የማዘጋጃት አንድ ገጽ ላይ ከየመድኃኒቱ ጎን ወሳኙ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ መጋዘን፣ ኃላፊ፣ ዲቲሲ፣ ወረዳ። ወረዳ በሚለው ሥር ያለው ለብቻው ወጥቶ፣ የሚዘዋወረው መጠን፣ የመለያ ቁጥሩና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ከሠፈረበት የደብዳቤ ረቂቅ ጋር ይላካል። መኪናውን ደግሞ ክትባት ይዞ ወደዚያ አቅጣጫ ከሚወጣበት ቀን ጋር እናገጣጥመዋለን፤ ያንን ቀን ሾፌሩ እንጂ ሲስተሙ አያውቀውም።